ከአፄ ዮሐንስ አዋጅ እስከ አማኑኤል ዋርድ

መሳለሚያ የሚለው ስም ከመሳለም የወጣ ነው፤ መንገደኛ ቆም ብሎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን መልሶ የሚሳለምበት ቦታ ማለት ነው። ዛሬ ግን መሳለሚያ ላይ ቆም ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ከእህል በረንዳ ጆንያ ያነሳ ተሸካሚ «ዞር በል!» ይላል፣ ጋሪ ከኋላ ይገፋል፣ የታክሲ ረዳት ከፊት ይጣራል። በዚህ ሁሉ መሀል ሱቅ በደረቴ ያንጠለጠለ ልጅ ማስቲካ፣ ሶፍትና ሲጋራ ይዞ ይሽሎከለካል። ሲጋራው በፓኬት ብቻ ሳይሆን በፍሬም ይሸጣል፤ አንዷን ገዝቶ፣ በሻጩ ላይተር ለኩሶ መንገድ መቀጠል ይቻላል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የቅዱስ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የአዲስ አበባ ሰው ለሆስፒታሉ ሙሉ ስም ትዕግሥት የለውም፤ «አማኑኤል» ይላል፣ ነገሩም ገባ ማለት ነው። በከተማው ቀልድ ውስጥ «አማኑኤል ይውሰዱህ» የተባለ ሰው የት እንደሚወሰድ አይጠይቅም። በአገሪቱ ሕግ መሠረት የዚህ ሆስፒታል ግቢ፣ እንደማንኛውም የጤና ተቋም ግቢ፣ ከበር እስከ ጓሮ ሲጋራ የማይጨስበት ነው። ክልከላው ክፍሎቹን ብቻ ሳይሆን ደጁንም፣ የዛፉን ጥላም ይመለከታል።

እግሩን ተሰብሮ ሌላ ሆስፒታል የተኛ ሰው ይህ ክልከላ ቢከብደው ምርኩዙን ይዞ ከበር ውጪ ብቅ ሊል ይችላል። በአእምሮ ሕመም ዋርድ ውስጥ ያለ፣ በሩ የተቆለፈበት ታካሚ ግን ብቅ የሚልበት በር የለውም። ሌሎች ሆስፒታሎች በጥበቃና በማስታወቂያ የሚያልፉት ጉዳይ በአማኑኤል ዓይነት ተቋም የመብት ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው። የጥያቄው ታሪክ ደግሞ ከሆስፒታሉም ከዛሬው ሕግም ይቀድማል።

በኢትዮጵያ ትምባሆን በመከልከል ስማቸው በብዛት የሚነሳው አፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን ማጨስም ሱሬት መሳብም ተከልክሎ ነበር። የዘመኑ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት ቅጣቱ በገንዘብ የሚለካ አልነበረም፤ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱሬት የሳበ አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር። ቅጣቱ ወንጀሉን ተከትሎ የአካል ክፍል መምረጡ ለዛሬ አንባቢ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለዘመኑ ሰው ግን ቀልድ አልነበረም።

የንጉሡ ምክንያት ሳንባ አልነበረም። በቤተ ክህነት ዘንድ ትምባሆ የሃይማኖት ጉዳይ ነበር። ተክሉ የበቀለው በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ ነው የሚለው ትውፊት በካህናቱም በምእመኑም አፍ ይነገር ነበር፣ ዛሬም ይነገራል። አጫሽ መሆን ከሃይማኖት አጥር መውጣት ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት ዮሐንስ፣ አገሩን በአንድ እምነት ለማያያዝ ሲነሡ ጋያውንና ሱሬቱን የጥቃቅን ሱስ ያህል ሊያዩት አልቻሉም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ የከንፈር ቅጣቱም ከእሳቸው ጋር አለፈ። ትውፊቱ ግን ቀረ፤ ዛሬም ብዙ ምእመን ሲጋራ በእጁ ይዞ ቄስ ሲያይ የሚደብቀው ስለ ካንሰር አስቦ አይደለም።

ከዚህ ትውፊት ጋር የሚሄድ፣ ስለ ሆስፒታል ጭስ ሲወራ ግን ማንም የማያነሳው ሌላ ቦታ አለ፤ ጸበል። ዘመናዊ ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊትም ሆነ ከመጣ በኋላ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ጸበልን ነው። እንጦጦ ማርያምን የመሰሉ የጸበል ቦታዎች ሕመምተኛ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት የሚሰነብትባቸው ናቸው። እዚያም ሲጋራና ጫት ይዞ መግባት አይታሰብም። በሌላ አነጋገር፣ በዚህች አገር «ለመዳን ከፈለግህ ጭሱን ከደጅ ተው» የሚለው ሥርዓት የተጀመረው በጤና ሚኒስቴር መመሪያ አይደለም። ልዩነቱ ጸበል የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አምኖ መሄዱ ነው፤ ሐራራውንም የጾሙ አካል ያደርገዋል። እርግጥ ነው፣ ታስሮ የሚወሰድም አለ። የእሱ ነገር ከዋርዱ ታካሚ ነገር ጋር አንድ ነው።

የአማኑኤል ሆስፒታል ልደት ከመርካቶ ልደት ጋር የአንድ ዘመን ነው። ጣሊያኖች አዲስ አበባን በያዙባቸው ዓመታት ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ከፍለው ለመሥራት ነደፉ። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ አንስተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፣ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» አሉት። አዲስ ከተማ የተባለው ሰፈር የተተከለው በዚሁ ዕቅድ ነው፤ መርካቶ የሚለው ስምም ከቋንቋቸው የቀረ ነው። ሆስፒታሉ የተቋቋመውም በዚያው ሰሞን፣ በ1930 ዓ.ም. ነው። ከነፃነት በኋላ ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ተቋም ሆነና ለብዙ አሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከጎንደርም ከሞያሌም የታመመ ሰው መድረሻው ይኸው የመርካቶ ጥግ ነበር። በሽተኛውን ይዞ ከክፍለ ሀገር የመጣ ቤተሰብ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል፣ ከዚያ እየጠየቀ ይሄዳል። መንገዱን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም።

ሲጋራም በመንግሥት እጅ መደበኛ ንግድ የሆነው በዚሁ ዘመን ነው። ጣሊያን በወጣ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የትምባሆ ሞኖፖልን አቋቋመ። አፄ ዮሐንስ ከንፈር ያስቆረጡበት ዕቃ ስድሳ ዓመት ገደማ ሲያልፍ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ የሚያስገባ ሆነ። ደርግ ሲመጣ ድርጅቱን ከክብሪቱ ጋር አዳበለውና ብሔራዊ የትምባሆና የክብሪት ኮርፖሬሽን አለው። አንድ መሥሪያ ቤት ሲጋራውንም መለኮሻውንም ማምረቱ ለአጫሹ ታስቦለታል ያሰኛል። ኒያላ፣ ግስላ፣ ኢሌኒ የሚሉት ስሞች በየኪዮስኩ የተለመዱት በመንግሥት ፋብሪካ ምርትነት ነው።

ታዲያ በአእምሮ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ሲጋራ ምን ቦታ ነበረው? በምዕራቡ ዓለም ሆስፒታሎች መልሱ በጽሑፍ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ባለ የአእምሮ ሆስፒታል፣ አልጋውን ያነጠፈና ገላውን የታጠበ ታካሚ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ማስመሰያ ሳንቲም ይሰጠው ነበር፤ በሳንቲሙ ከሚገዛቸው ነገሮች አንዱ ሲጋራ ነው። ዘዴው እንደ ሳይንሳዊ ግኝት ታተመ፣ በየአገሩ ተቀዳ። ሲጋራ ሽልማት ሆነ፣ ማባበያ ሆነ፣ በታካሚና በነርስ መካከል የሰላም ውል ሆነ። ከቀን ወደ ቀን ልዩነት በሌለው ዋርድ ውስጥ ሰዓቱን የሚከፍለው ምግብ፣ መድኃኒትና ሲጋራ ብቻ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለሆስፒታሎች ዕውቅና የሚሰጠው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሆስፒታል ሕንፃ ውስጥ ማጨስ ይቁም ሲል፣ የአእምሮ ሕሙማን ቤተሰቦች ማኅበራት ጭምር ተቃወሙ። «ያለችው አንዲት ደስታ እሷ ናት፣ አትንጠቁት» ነበር የክርክሩ ፍሬ ነገር። ለአእምሮ ሕክምና ዋርዶችም ልዩ ፈቃድ ተገኘ።

ይህ ርኅራኄ የሚመስል ፈቃድ ዋጋ ነበረው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ በብዙ አገር ጥናቶች ታይቷል፤ ብዙዎቹን የሚገድላቸው ደግሞ የልብና የሳንባ በሽታ ነው። ሲጋራ «ጭንቀቴን ያቀልልኛል» ለሚለው ሰውም መልሱ ያሳዝናል። ሐራራው ራሱ ጭንቀት ነው፤ ሲጋራው የሚያቀልለው ያንኑ ራሱ ያመጣውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው ማጨስ ያቆሙ ሰዎች፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውም ጭምር፣ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ቀነሰ እንጂ አልባሰም።

ክርክሩ ፍርድ ቤት የደረሰው እንግሊዝ አገር ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2007 በዝግ ሕዝባዊ ቦታዎች ማጨስን ስትከለክል ለአእምሮ ሆስፒታሎች የአንድ ዓመት ፋታ ሰጠች። ፋታው ሳያበቃ ራምፕተን በተባለው ከፍተኛ ጥበቃ ያለው ሆስፒታል የተኙ ታካሚዎች ተቋሙን ከሰሱ። ክርክራቸው እንዲህ የሚል ነበር፤ ቤታችን ይኸው ነው፣ ደጅ ወጥተን እንድናጨስ አይፈቀድልንም፣ እስረኛ እንኳ በክፍሉ ሲያጨስ እኛ ታምመን ስለተገኘን ተከለከልን። ያኔ የእንግሊዝ እስር ቤቶች በክፍል ውስጥ ማጨስን ይፈቅዱ ስለነበር ነጥቡ ስል ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 በሁለት ዳኞች ድምፅ ለሆስፒታሉ ፈረደ፤ ሆስፒታል እንደ ግል ቤት አይደለም፣ የግል ሕይወት መብትም እዚያ ውስጥ እስከ ማጨስ አይደርስም ተባለ። ሦስተኛው ዳኛ ግን አልተስማሙም።

ስኮትላንድ ውስጥ የሆነው ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። ካርስቴርስ የሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል ማጨስን ብቻ ሳይሆን ትምባሆ መያዝንም ከለከለ፣ ታካሚዎችንም ፈተሸ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ትምባሆ መያዝን መከልከሉና ፍተሻው የአእምሮ ሕክምና ሕጉ የሚጠይቀውን ሥርዓት ሳይከተል የተደረገ ስለሆነ ሕገ ወጥ ነው አለ። ዳኞቹ «አጭሱ» አላሉም። ያሉት ሰው ስለታመመ ብቻ ኪሱ ያለ ሥርዓት አይበረበርም ነው። ከሁለቱ ፍርዶች የካርስቴርሱ የበለጠ ትምህርት ያለው ይመስላል፤ ስለ ጭሱ ሳይሆን ስለ ከልካዩ ይናገራልና።

ክልከላው ዋርዱን ያሸብራል የሚለው ፍርሃትም ተፈትኗል። ለንደን ውስጥ ሞድስሊ ሆስፒታልን የሚያስተዳድረው የአእምሮ ሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ግቢዎቹን በሙሉ ከጭስ ነፃ ሲያደርግ ብዙዎች ድብድብ ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት ግን አካላዊ ጥቃት በ39 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ምክንያቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው «ሲጋራ ስጠኝ»፣ «ሰዓቱ አልደረሰም» በሚል ነበር። ተቋሙ ሲጋራውን ሲነሳ ግን ባዶ እጁን አልቀረበም፤ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ አቀረበ፣ ሐራራ ማከም የሠለጠኑ ሠራተኞችን አሰማራ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ የሕጉ መንገድ አጭርም ጠመዝማዛም ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ኮንቬንሽንን እ.ኤ.አ. በ2004 ፈርማ ለአሥር ዓመት አስቀመጠችው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 822 ነው። በዓመቱ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ መቀሌ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ማጨስን በመከልከል ከአገሪቱ ከተሞች ቀደመች። መንግሥት በዚህ እጁ ሲከለክል በዚያኛው እጁ ይሸጥ ነበር። በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሌላ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ጨመረ። በአጫሽ ቁጥር አነስተኛ ከሚባሉ አገሮች አንዷ ለሆነች አገር ይህን ያህል ገንዘብ የተከፈለው ለዛሬው አጫሽ ብቻ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ፣ ማለትም 3.2 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ገዢው ያየው የቀረውን 95 በመቶ ይሆናል።

ከዚያ ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጸደቀ። ሕዝቡ አዋጁን የሚያስታውሰው የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ስላጠፋ ነው። ስለ ትምባሆ የያዘው ግን ከዚያ የጠነከረ ነው፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥን፣ ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ፣ ሺሻንና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከለከለ፣ የፓኬቱን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ ለሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፣ የሥራ ቦታንና የሕዝብ መገልገያ ቤትን በሙሉ ከጭስ ነፃ አደረገ። የሚያጨስ ሰው ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ይራቅ አለ። የጤና ተቋምንና የትምህርት ቤትን ግቢ ደግሞ ለብቻ አንስቶ ሙሉ በሙሉ ዘጋ።

ሕጉ የተደገፈበት ኮንቬንሽን ግን ስለ አእምሮ ሆስፒታል ቆም ብሎ አስቧል። እ.ኤ.አ. በ2007 ባንኮክ ላይ የጸደቀው የአንቀጽ 8 ማስፈጸሚያ መመሪያ እስር ቤትን፣ የአእምሮ ሕክምና ተቋምንና የአረጋውያን መጦሪያን ለይቶ ይጠራል፤ ለአንዳንዱ መኖሪያ ለሌላው የሥራ ቦታ ናቸውና በጥንቃቄ ይታዩ ይላል፤ ሠራተኞቹም ከጭስ ይጠበቁ ሲል ያክላል። እዚህ ላይ የምርጫ መብት ሁለት ባለቤት ያገኛል። አንደኛው «ሕይወቴ የራሴ ነው» የሚለው ታካሚ ነው። ሁለተኛዋ በዚያው ዋርድ ሌሊቱን የምታድር ነርስ ናት፤ በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1987 በአማኑኤል ከተጀመረ ወዲህ ሕክምናውን በብዛት የተሸከሙት እነሱው ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ሲል ነርሷንም፣ የማያጨሰውን የጎን አልጋ ታካሚም፣ ወንድሙን ሊያስታምም የመጣውንም ይጨምራል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ማጨስ ይፈቀድ የሚል ክርክር ብዙ አያራምድም።

የሚያከራክረው ሐራራው ነው። ከቤቱ ሲመጣ በቀን አንድ ፓኬት ያጨስ የነበረ ሰው በሩ ከኋላው ሲዘጋ ሲጋራውም አብሮ ይቆማል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይቆጣል፣ ይቅበጠበጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። ይህን ያየ ሰው ሕመሙ የተነሳበት ሊመስለው፣ የማረጋጊያ መድኃኒት ሊጨመርለት ይችላል። አስታማሚ እህቱ ግቢው መግቢያ ላይ ተይዛ «አንዲት ብቻ፣ በእግዚአብሔር!» ስትል ለወንድሟ የምታየው ክፋት ሳይሆን ምሕረት ነው። የኒኮቲን ምትክ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 14ም ለማቆም ለሚፈልግ ሰው ሕክምና ይቅረብ ይላል። መሳለሚያ ላይ ግን ሲጋራ በሚገኝበት ቅለት የኒኮቲን ፕላስተር አይገኝም። ለንደን ውስጥ ታካሚዎችን የረዳው አንዱ መንገድ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነበር፤ እሱ ደግሞ በኢትዮጵያ በራሱ በአዋጁ ተከልክሏል። ለወጣቱ ሲታሰብ ክልከላው ልክ ነው፤ ለተቆለፈበት ዋርድ ሲታሰብ ግን የቀረውን መንገድ ያጠብባል። ሲጋራውን መውሰድ ቀላሉ ግማሽ ነው፤ ከባዱን ግማሽ በዝምታ ማለፍ ግን የሕክምና ውሳኔውን ወደ ቅጣት ያስጠጋዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰው የማያየው የኬሚስትሪ ነገር አለ። የሲጋራ ጭስ፣ ኒኮቲኑ ሳይሆን ከሚቃጠለው ቅጠል የሚወጣው ጥላሸት መሰል ውህድ፣ በጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብረውን አንድ ኢንዛይም ያነሳሳል። ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን የተባሉት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች በዚህ ኢንዛይም ይሰባበራሉ፤ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የቆዩት ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶልም በመጠኑ ይነካሉ። ስለዚህ አጫሽ ከማያጨስ ሰው የበለጠ መጠን ሊያስፈልገው ይችላል። ሲጋራ ባቆመ በቀናት ውስጥ ያው ኪኒን በደሙ ውስጥ ይከማችና ያደነዝዘዋል፣ ያንገዳግደዋል፤ ክሎዛፒን ከሆነ አደጋውም ከባድ ነው። ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ አለበት።

የተገላቢጦሹ የሚመጣው ታካሚው ሲወጣ ነው። ዋርድ ውስጥ ሳያጨስ ሁለት ወር ተኝቶ፣ መድኃኒቱ ለማያጨስ ሰው ተለክቶ፣ ካርዱንና የኪኒን ከረጢቱን ይዞ ከቤተሰቡ ጋር ከበሩ ይወጣል። ታክሲ ለመያዝ ወደ መሳለሚያ ይሄዳል። ሱቅ በደረቴው ልጅ እዚያው አለ፤ አንዲት ፍሬ፣ ላይተሩም ከእሱ። ወደ ቀድሞው ልማዱ ከተመለሰ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ጉበቱ ሥራውን ይቀጥላል፣ ኪኒኑ በደሙ ውስጥ ይሳሳል፣ ድምፆቹም ይመለሳሉ። ቤተሰቡ «መድኃኒቱን እየዋጠ ተነሳበት» ብሎ ይገረማል። በተመላላሽ ክፍል የምትቀበለው ነርስ ካርዱን ስትገልጥ ከመድኃኒቱ አስቀድማ ልትጠይቀው የሚገባው፣ ከወጣህ ወዲህ በቀን ስንት ታጨሳለህ የሚለውን ነው።